እንስራው ሳይደርቅ

ጥሩምባው ለሦስተኛ ጊዜ ሲነፋም ሽታዬ እጇን ከጭቃው አላነሳችም። የእንስራውን አንገት በእርጥብ ቁራጭ ቆዳ ይዛ ታለሰልሳለች። እንስራው አይዞርም፤ የምትዞረው እሷ ናት፣ ወገቧን አጉብጣ፣ እንደ አውድማ በሬ። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትዞር ኖራለች፤ ለጥሩምባ ብላ መሐል ላይ አታቆምም።

“እማዬ፣ ሰው ሁሉ ሄዷል እኮ!” አለች ልጇ አስካል ከበሩ ላይ። ነጠላዋን አጣፍታ ከተነሳች ቆይታለች። “ደግሞ ታዛቢ ነሽ። ታዛቢ ከመራጭ ኋላ ይደርሳል?”

“ዝሆኑ ጥሎኝ የት ይሄዳል?”

“ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!”

“ይስማ። ዝሆን አይሮጥም ማለት ስድብ ነው?”

ቀኑ እሑድ ነው፣ ሰኔ ሰባት፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት። አገሩ በሙሉ ሸንጎ ይመርጣል ተብሏል። ከጂንካ የኔሪን ወንዝ ተሻግሮ ላለው ለማዶ ገበሬ ማኅበር ሦስት ዕጩዎች ቀርበውለታል፤ ፊደል ላልቆጠረው እንዲመች ለእያንዳንዳቸው የእንስሳ ምልክት ተሰጥቷቸዋል። ዝሆኑ ትናንትም ዛሬም ሥልጣን ላይ ያለው የፓርቲው ሰው ነው። ቀጭኔው አንድ ጤና ረዳት ነው። ጅግራው አስተማሪ ነው፤ እሱም ባለፈው ስብሰባ ላይ ተነስቶ “ዝሆንን ምረጡ” ብሎ ቀስቅሶ ተቀምጧል። ሸንጎው ደግሞ በተራው ፕሬዚዳንት ይመርጣል። ፕሬዚዳንቱ ማን እንደሚሆን ለማወቅ ግን ሸንጎ መቀመጥ አያስፈልገውም ነበር፤ ፎቶግራፉ በማኅበሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ዘመን ሆኖታል፣ ዝንብ ባቆሸሸው ቁጥር እየተወለወለ።

ሽታዬ ቆዳውን በውሃ አለቅልቃ ሰቀለችና የእንስራውን አንገት በሌባ ጣቷ ጫፍ ነካች። ገና ነው። ጣቷ ላይ ይለጠፋል።

እናቷ ያስተማረቻት አንድ ነገር አለ። እንስራ ሲያልቅ ወዲያው አይተውም። አንገቱ ውሃውን ጥሎ፣ ግን ሳይጠነክር፣ ከከንፈሩ ሥር በቀኝ አውራ ጣት አንድ ጊዜ ይጫኑታል። እርጥብ ሳለ ከተጫኑት ይደፈናል፤ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ያቺ የጣት ጉድጓድ “ይህ አያፈስም፤ ካፈሰ መልሱልኝ” ማለት ናት። የቀይ አፈር ከተማ ነጋዴ፣ የአልዱባ ገበያተኛ፣ ሁሉም በጣቱ ዳስሶ ነው የሽታዬን እንስራ የሚገዛው። ያፈሰሰ እንስራ ይዞ የተመለሰ ሰው በሕይወቷ ሁለት ጊዜ ብቻ ገጥሟታል፤ ለሁለቱም ያለ ምንም ክርክር ሌላ ሰጥታለች፤ ለሁለቱም ደግሞ የተራገመችው ራሷን ነው።

“እስከ ማታ መመለስ አለብኝ፣” አለች የእንሰት ቅጠል አርጥባ እንስራውን ስታለብሰው። “ዛሬ ካልተጫንኩት ነገ ድንጋይ ነው።”

“ሰማዩ ደመና ነው፣ አይደርቅም።”

“ደመና እና ካድሬ አንድ ናቸው። መቼ እንደሚገለጡ አይታወቅም።”

መንገዱን ሙሉ አስካል ስለ ጭቃ ማውጫው ነበር የምታወራው። ሌላ ወሬ ከጠፋባት ሁለት ወር ሆኗታል። በወንዙ መታጠፊያ ሥር ባለው ጥቁር ጭቃ አሥራ አንድ የሸክላ ሠሪ ቤት ይተዳደርበታል። የመንደር ምሥረታው ሰዎች መጥተው ሜትር ከዘረጉ ወዲህ ግን በጭቃው ዙሪያ ችካል ተተክሏል፤ ለቡና ችግኝ ጣቢያ ይሆናል ተብሎ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ዶላሞ፣ “ቦታው ለሸክላ ሠሪዎች እንዲቀር ደብዳቤ እጽፋለሁ” ብሎ ቃል የገባው በዚህ ሳምንት ነው። ቃል የገባውም በነፃ አልነበረም።

ሐሙስ ዕለት የምርጫ ሣጥን የጫነው መኪና የወይጦ ወንዝ ሞልቶበት ማዶ ቀረ። ከጂንካ የተመደበው ካድሬ፣ ጓድ ነጋሽ፣ የድምፅ ወረቀቱን በቦርሳ ይዞ በበቅሎ ደረሰ፤ ሣጥን ግን የለውም። ያኔ ነው ዶላሞ “እንስራ አለን” ያለው። አንገቱ ጠባብ ነው፣ እጅ አያስገባም፤ አፉን በፍየል ቆዳ ወጥሮ ማሸግ ይቻላል። ካድሬው ደስ አለው። “ሕዝባዊ ፈጠራ!” ብሎ በደብተሩ ጻፈ። ሽታዬ ሦስት እንስራ ሰጠች፣ ሦስቱም አውራ ጣቷ ያረፈባቸው። በምትኩ ጭቃውና የታዛቢነት ወንበር።

ስለ ወንበሩ እውነቱን መናገር ይሻላል፤ ሽታዬ ወዳዋለች። ልጅ ሳለች ገበሬው በሷ ድስት ይቀቅል ነበር፣ በሷ እንስራ ይጠጣ ነበር፣ እሷን ግን ከደጃፍ አያሳልፋትም። ድስቷ ቤት ይገባል፤ እሷ አትገባም። ይህ መንግሥት መጥቶ ነው፣ ከገበሬ እኩል አግዳሚ ላይ ያስቀመጣት። ስለዚህ ዛሬ ማንም ሳያስገድዳት ለዝሆኑ ልትሰጥ አስባ ነበር የወጣችው። ለአግዳሚዋ ስትል።

አዳራሹ ቀድሞ የወንጌላውያን ጸሎት ቤት ነበር፤ ታሽጎ ቆይቶ ለማኅበሩ ተሰጠ። ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ እስከ ሾላው ጥላ ተዘርግቷል። ውስጥ፣ ድምፅ መስጫውን ከከለለው መጋረጃ ፊት ባለው ጠረጴዛ፣ ሁለተኛው ታዛቢ ሽማግሌው ኤርጎ ተቀምጧል። እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ ጸሎት ቤት ሳለ፣ ፊተኛው ወንበር የሱ ነበር። አሁን የሚጸልየው ቤቱ ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“ዘገየሽ፣” አላት በአገሩ ቋንቋ፣ በአሪኛ።

“ጭቃ ነኝ። ጭቃ አይቸኩልም። እንስራዎቹ የታሉ?”

“ከመጋረጃው ኋላ። ታሽገዋል።”

“ታሽገዋል? ሳላያቸው?”

ኤርጎ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዞረ።

መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ሦስቱ እንስራዎቿ በሣር ቀለበት ላይ ተደርድረዋል፤ አፋቸው በፍየል ቆዳ ተወጥሯል፤ በቆዳው መሐል ወረቀት የምታስገባ ስንጥቅ፣ በጎኑ ሰም። ሆዳቸው ላይ ሥዕል ተለጥፎባቸዋል። እንስራ ያየ ሰው የሚያደርገውን አደረገች፤ ሳታስበው ጎንበስ ብላ በጣቷ አንጓ አንኳኳች። ጅግራው “ትንን” አለ። ቀጭኔው “ትንን” አለ።

ዝሆኑ “ድብ” አለ።

እንደገና አንኳኳች፤ ከሥሩ፣ ከመሐሉ፣ ከትከሻው። ከሥሩ ድብ፣ ከመሐሉ ድብ፤ ከትከሻው በላይ ብቻ ትንሽ ጮኸ።

“ዶላሞ!”

ሊቀመንበሩ ፈጠን ብሎ መጣ። ሰፊ ሰው ነው፤ ካኪ ኮቱ ከተሾመ ጀምሮ አልተቆለፈለትም። “ምን ሆንሽ እማማ ሽታዬ?”

“ይሄ እንስራ ቁርሱን በልቷል።”

“ምን በልቷል?”

“እኔ ነኝ የምጠይቅህ።”

ከሰልፉ ፊት ያሉት ሴቶች ሰምተው ሳቁ። ጓድ ነጋሽ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀና አለ። ወጣት ነው፤ ለብሶ የመጣው ነጭ ሸሚዝ በኔሪ ጭቃ ተረጭቷል። “እናት ምን አሉ?”

“እንስራው ጥሩ ነው አለች፣” ብሎ ዶላሞ ተረጎመ።

“አላልኩም!” አለች ሽታዬ በገበያ አማርኛዋ። “ሆዱ ባዶ አይደለም ነው ያልኩት።”

ሳቁ ቆመ። ካድሬው መጋረጃው ኋላ ገብቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እማማ፣ ሰሞኑን ዝናብ ነበር። እርጥበት ይዞት ይሆናል።”

“ልጄ፣ የረጠበ እንስራ ድምፅ ሌላ ነው፣ የጠገበ እንስራ ድምፅ ሌላ። አንተ ወረቀት ታውቃለህ፤ እኔ ጭቃ አውቃለሁ። ፍታውና እንየው።”

“ታሽጓል። የታሸገ አይፈታም፤ ሕግ ነው።”

“ታዲያ ሳይታሸግ ለምን አልጠራችሁኝም?”

“ጥሩምባ ተነፍቷል። ሦስት ጊዜ።” ጓድ ነጋሽ ሰዓቱን አየ። “ሪፖርቱ ዛሬውኑ ጂንካ መድረስ አለበት። ይቀመጡ እባክዎ።”

ተቀመጠች። ምን ታድርግ? ሰልፉ መንቀሳቀስ ጀመረ። አንዱ ገበሬ ወረቀቱን ተቀብሎ ይገባል፣ የወረቀቱ ድምፅ ይሰማል፣ ይወጣል። ሰውየው ሲወጣ ሁሉ ወደ ሽታዬ ያያል፣ ዓይኗን ሲያገኘው ደግሞ ጫማውን ያያል። ጫማ የሌለው እግሩን።

“ሣጥን ቢሆን ዝም ይል ነበር፣” አለች ለኤርጎ። “ይሄ የከተማ ልጅ እንስራ እንደሚናገር አላወቀም።”

“ዶላሞስ?”

“ዶላሞማ ያውቃል። ሰው ሲሾም ግን መጀመሪያ የሚጠፋው ጆሮው ነው።”

ተራዋ ደርሶ ወረቀቷን ይዛ ስትገባ ሦስቱ ፊት ቆመች። ለዝሆኑ ልትሰጥ አስባ እንደወጣች ታስታውሳለች። እጇን ወደ ስንጥቋ ዘረጋች፤ ከዚያ መለሰችው። ለጠገበ አያጎርሱም። ወረቀቷን ለጅግራው ሰጠችው፤ ወረቀቱ ባዶው ሆድ ውስጥ ሲወድቅ እሷ ብቻ የምትሰማው ድምፅ ነበረው።

ስድስት ሰዓት ላይ ደመናው ተገለጠ። ፀሐይዋ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ስትወርድ ሽታዬ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቃታት፤ ተነስታ በሩ ድረስ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ተነሳች። ፊቷ ላይ የሚያርፈው ሙቀት ሁሉ የሚያርፈው እንስራው አንገት ላይ ነው። በጣቶቿ ጫፍ ስንት ውሃ እንደቀረው ልታውቅ የምትችል ይመስል አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ታሻለች።

“ጓድ፣ እኔ ቤቴ ደርሼ ልምጣ።”

“ታዛቢ እስከ ፍጻሜው አይንቀሳቀስም፣ እማማ።”

“እርጥብ እንስራ ትቼ ነው የመጣሁት።”

“እሱ ይደርሳል።”

“አይደርስም! እንደናንተ ስብሰባ መሰለህ፣ ለነገ ተቀጥሮ የሚያድር?”

መጨረሻ ላይ መርጣ የወጣችውን አስካልን ጠርታ ላከቻት። “ቅጠሉን አርጥቢው። ቅጠሉን ብቻ! አንገቱን እንዳትነኪ።”

አስካል ስትመለስ ቆጠራው ተጀምሮ ነበር። ጅግራው ቆዳው ተፈትቶ፣ ተገልብጦ ሲወዛወዝ አንድ ወረቀት ወደቀች። አንዲት። ዶላሞ አንስቶ አያትና ወደ ጣሪያው እያየ “ጅግራ፣ አንድ!” አለ።

“ማነው ለጅግራው ያዘነለት?” አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ሽታዬ ፊቷን አላዞረችም። ከቀጭኔው ጥቂት ወረቀቶች ረገፉ።

ዝሆኑን ገለበጡት፤ የላይኛዎቹ ወረቀቶች ወረዱ፣ ከዚያ ቆመ። አወዛወዙት፤ ውስጡ አንድ ነገር ወዲያና ወዲህ ይላል፣ አይወጣም። ዶላሞ በስንጥር ሊጎትት ሞከረ፣ አንገቱ ሥር ይቀረቀራል። ላቡ በካኪው አለፈ። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጓል።

“ስበረው፣” አለ ጓድ ነጋሽ።

ዶላሞ በዱላው መታው። የሽታዬ እንስራ በአንድ ምት አልተሰበረም፤ ሦስት ጊዜ አስመታ። ሲፈርስ ከገሉ መሐል ወረቀት ተንከባለለ፤ በጥቅል በጥቅል፣ እያንዳንዱ ጥቅል ወገቡን በክር ታስሮ። እርጥበት ጠጥተው አብጠው ነበር፤ በገቡበት መውጣት ያቃታቸው ለዚህ ነው።

ውጭ አንድ ዶሮ ብቻ ይጮኻል።

ጓድ ነጋሽ ጥቅሎቹን አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። “መራጩ ሕዝብ በመደራጀት ድምፁን እንደሰጠ እንገነዘባለን፣” አለ። ድምፁ መጨረሻው ላይ ትንሽ ተሰበረ፤ ማን ያውቃል፣ ከልቡም አፍሮ ይሆናል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ክሩን መፍታት ጀመረ።

ሕዝቡ አጨበጨበ። ይህ ነው ሽታዬን የቆረጣት። እሷ ጠዋት የሰማችውን አሁን ሁሉም አየው፤ ሁሉም አይቶ አጨበጨበ።

“ፕሬዚዳንታችን አሸነፉ!” ብሎ ጮኸ ዶላሞ።

“ገና ነው ጓድ፣” አለ ካድሬው ቀና ሳይል። “ዛሬ ሸንጎውን ነው። ፕሬዚዳንቱን ሸንጎው በጳጉሜን ነው የሚመርጠው።”

“ያው ነው ጓድ። ጳጉሜን ቅርብ ነው።”

ሽታዬ ከገሎቹ መሐል ጎንበስ ብላ አንዱን አነሳች፤ አውራ ጣቷ ያረፈበትን። በመቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

ሕዝቡ ተሰናብቶ በሩ ገርበብ ሲል ጓድ ነጋሽ ቃለ ጉባኤውን አነበበ። “... ሦስቱም የድምፅ መስጫ ዕቃዎች ምርጫው ከመጀመሩ በፊት ባዶ መሆናቸውን እኛ ታዛቢዎች በዓይናችን አይተን ማረጋገጣችንን በጣት አሻራችን እንገልጻለን።” ሐምራዊውን የቀለም ሳህን ወደ ኤርጎ ገፋ። ኤርጎ አውራ ጣቱን ነክሮ ተጫነ፣ ጣቱን በሱሪው ጠረገ፣ ባርኔጣውን አደረገ።

“እማማ፣ እርስዎ።”

“በዓይኔ አላየሁም። በጆሮዬ የሰማሁት ደግሞ ሌላ ነው።”

“ሽታዬ፣” አለ ዶላሞ፤ አሁን እማማው ቀርቷል። ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ ከጎን ኪሱ ማኅተሙን አውጥቶ ከአጠገቡ አቆመ። “ደብዳቤው ይኸው። ጭቃው የናንተ ነው ይላል። ማኅተም ብቻ ነው የቀረው። ያንቺ ጣት እዚያ፣ የኔ ማኅተም እዚህ።”

“ጣቴን ታውቀዋለህ? እናትህ ገንፎ ባገነፋችልህ ድስት ላይ ነበር።”

“አውቀዋለሁ። ለዚህ አይደል የመረጥኩሽ! ‘ሽታዬ አለችበት’ ከተባለ ማን ይጠራጠራል?”

ይህን ያለው ሊያሞግሳት ነው፤ ሞኝ። እሷ ግን ጥፊ የቀመሰች ያህል ወደ ኋላ አለች። “ልሰጥህ ነበር እኮ፣” አለችው ቀስ ብላ። “ያለ ጥቅል፣ ያለ ክር፣ ጠዋት ለዝሆንህ ልሰጥ ነበር የመጣሁት። ምን አስቸኮላችሁ?”

አስካል በሩን ገፍታ የገባችው ያኔ ነው፤ ስትሰማ ቆይታለች።

“እማዬ፣ ስጪ።”

“አንቺ ውጪ።”

“አልወጣም። ባሌ ጦር ሜዳ ነው፤ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ሦስት ልጆች አሉኝ። እርሻ የለኝም፣ ከብት የለኝም፤ ያለኝ ያ ጭቃ ነው። አሥራ አንድ ቤት ያለው ያ ጭቃ ነው!” ድምጿ ከፍ እያለ መጣ። “አንቺ ስምሽን ትበያለሽ፤ እኛ ምን እንበላለን?”

ሽታዬ ልጇን አየቻት። የዚህችን ልጅ ምላስ ከማን እንደወረሰችው ታውቃለች። ከበሩ ስንጥቅ የገባችው ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ረዝማለች። እንስራው ይደርቃል።

“እማማ፣” አለ ጓድ ነጋሽ ግንባሩን እያሻሸ፣ “በቅሎዬ ሳይመሽ ኔሪን መሻገር አለባት። የፈለጉትን ጣት ያሳርፉ። አሻራ አሻራ ነው።”

“የፈለግሁትን?”

“የፈለጉትን።”

ቀኝ እጇን ከነጠላዋ ሥር ከተተች። ግራውን አወጣች፣ አውራ ጣቱን ነከረች፣ በኤርጎ አጠገብ ተጫነች። ካድሬው ልብ አላለም። ዶላሞ ልብ ብሎ ቢሆን እንኳ ማኅተሙን አፉ ላይ አሙቆ ደብዳቤው ላይ አሳርፎ ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ አስካል ደብዳቤውን ጡቷ ሥር ደብቃ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ አንዳንዴ ትዘላለች ማለት ይቻላል። ችካሉን ማን ከማን ጋር ሆኖ እንደሚነቅለው ከወዲሁ ትደለድላለች። “ደግሞ ግራሽን መስጠትሽን አይቻለሁ!” አለች ዞር ብላ እየሳቀች። “አንቺ ሴትዮ፣ ሰይጣን ነሽ! ያንቺ ጣት ቀኙ አይደል? ምኑንም አልሰጠሻቸውም!”

ሽታዬም እንዲሁ ብላ ነበር ለራሷ። ምኑንም አልሰጠኋቸውም። እስከ ሾላው እንዲህ እያለች ሄደች።

ኤርጎ ሾላው ሥር ተቀምጦ ይጠብቃቸው ነበር። ተነስቶ ከጎኗ ተራመደ።

“ግራሽን ነው የሰጠሽው፣” አለ።

“አየህ እንዴ? አንተስ የትኛውን ሰጠህ?”

“ቀኙን። ‘በሐሰት አትመስክር’ ይላል ቃሉ፤ ስለ ግራ እጅ ለብቻው የተጻፈ ነገር ግን አላስታውስም።” ኤርጎ ቀለም የነካ ጣቱን አየው። “ቤቴን እንዳያፈርሱብኝ ፈርቼ ነው ሽታዬ። እንሰቴ ዘንድሮ ገና መድረሱ ነው። እንደፈራሁ አውቃለሁ። አንቺ ብልጥ ነሽ፤ ሳትፈሪ የቀረሽ ይመስልሻል።”

“ዝም በል፣ ሽማግሌ።”

“ዝም አልኩ።” ወደ ቤቱ በሚያስገባው መንገድ ታጠፈ።

ቤት እንደደረሰች ነጠላዋን ሳታወልቅ ወደ እንስራው ሄደች። ቅጠሉን አነሳች። አንገቱን በሌባ ጣቷ ጫፍ ነካች። አይለጠፍም፤ ገናም አልጠነከረም። ልክ ነው። ቀኑን ሙሉ ከፀሐይ ስትፈራለት የነበረው እንስራ ልክ በሰዓቱ ጠብቋታል። ከዚህ የተሻለ ሰዓት አይገኝም፤ ጥቂት ቢቆይ ግን ያልፋል።

ከመቀነቷ ገሉን አውጥታ ከእንስራው አጠገብ አስቀመጠችው። በገሉ ላይ ያለችው የጣት ጉድጓድ ንጹሕ ናት፤ አንዳች አልነካትም። ቀኝ አውራ ጣቷን አየች፤ እሱም ንጹሕ ነው። ግራዋ ሐምራዊ ነው። ሁለቱን እጆቿን ጎን ለጎን ዘርግታ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው፤ በሁለቱም ስትሠራ ኖራለች። አንዱ ሳይደግፍ ሌላው አንድም ድስት አቁሞ አያውቅም።

ቀኝ አውራ ጣቷን ከከንፈሩ ሥር አስጠጋች። የጭቃው ቅዝቃዜ ተሰማት። አልተጫነችም።

“እማዬ?” አለች አስካል ከኋላዋ። “ምን ትጠብቂያለሽ? ይደርቃል እኮ!”

“ይድረቅ።”

“እንዴ፣ ያለ አሻራ? ማን ይገዛዋል?”

ሽታዬ ገሉን አንስታ፣ ለሚቀጥለው ጭቃ ከሚፈጨው የገል ክምር ላይ ወረወረችው። ቅጠሉን ከእንስራው ላይ ሙሉ በሙሉ ገፈፈችና ለቀረችው ፀሐይ ተወችው።

“ገዢው አንኳክቶ ይግዛ፣” አለች። “ጆሮ የለውም?”